ሚስት በሌለችበት ውኃ ማን ያሙቅ?

በቤታችሁ የገላ መታጠቢያ ውኃ የሚያሞቀው ማን ነው? ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በስንቱ ቤት ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ድስት የምትጥደው እናት መሆኗን እናውቃለን።

እ.ኤ.አ. በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የተባለ አሜሪካዊ በባልቲሞር ከተማ ውኃን በፀሐይ ለሚያሞቅ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ጥቁር ቀለም የተቀቡ የብረት በርሜሎችን መስታወት በተገጠመለት ሣጥን ውስጥ አጋድሞ ፀሐይ ላይ ማኖር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሚያስቀው ገበያው ነው። መጀመሪያ የታሰቡት ደንበኞች፣ ሚስቶቻቸው የቤት ሠራተኞቹን ይዘው ለበጋ ዕረፍት የሄዱባቸው ባሎች ነበሩ፤ ምድጃ ማንደድ የማይሆንላቸው! (ባሎች ሆይ፣ አትቀየሙኝ።)

መሣሪያው የተስፋፋው ግን ፀሐይ በማይጠፋበትና ከሰል ውድ በሆነበት በካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በፓሳዲና ከተማ ከሦስት ቤት አንዱ ያህል ነበረው። ሆኖም ጉድለት አላጣውም፤ ከሰዓት በኋላ የሞቀው ውኃ ሌሊቱን በርዶ ያድራል። ሕፃን የምታጥብ እናት ደግሞ ውኃ የምትፈልገው ጠዋት ነው።

ይህን የፈታው ዊሊያም ቤይሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ማሞቂያውን ከማጠራቀሚያው ለየና ማጠራቀሚያውን ሙቀት እንዳያመልጥ ሸፍኖ ከፍ አድርጎ ቤት ውስጥ አስቀመጠው። የሞቀ ውኃ ቀላል ስለሆነ ያለ ፓምፕ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ይወርዳል። ስሙንም «ቀንና ሌሊት» አለው። በ1920ዎቹ ግን ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ በአካባቢው ሲገኝ ገበያው ወደዚያ ዞረ።

በእስራኤል ታሪኩ በሴት ይጀምራል። እንደሚተረከው፣ ሪና ይሳር የነዳጅ ወጪ ቢያስመርራት አሮጌ በርሜል ጥቁር ቀብታ፣ ውኃ ሞልታ ፀሐይ ላይ አኖረችው። መሐንዲሱ ባለቤቷ ሌዊ ይሳር ሐሳቧን አልናቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የመጀመሪያውን መሣሪያ ሠራ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ነዳጅ ቸግሯት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 መሣሪያው በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ እንዲገጠም በሕግ ታዘዘ።

ወደዚያ የተሻገሩ ዘመዶች ካሏችሁ «ዱድ ሼሜሽ» የምትባለዋን የጣሪያ በርሜል ያውቋታል። ደመና ሲሆን በኤሌክትሪክ ትሞቃለች። ማብሪያውን የሚጫነው ባል ይሁን ሚስት፣ እስኪ ጠይቁልኝ።