ሴራሚክ ለእንግዳ ነው ወይስ ለቤተ ሰብ?

ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት የራሱን ቤት ባገኘ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው የወለሉ ነገር ነው። በተለይም የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ የሚረከበው ባዶ የሲሚንቶ ወለል ስለሆነ፤ ቍልፉን በተቀበለ ማግሥት ወደ ሴራሚክ ሱቅ መሮጡ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከሱቁ ከተመለሰ በኋላ የሚያደርገው ነው። ያለውን ገንዘብ ሁሉ፤ አልፎም ዕቁቡንና ብድሩን ጨምሮ፤ በእንግዳ መቀበያው ወለል ላይ ያፈሰዋል። ወጥ ቤቱ ግን እንደ ተረከበው ይቀራል። እንግዳ አልፎ አልፎ የሚረግጠው ክፍል ሲያብረቀርቅ፤ በየቀኑ ዘይት የሚፈናጠርበት ግድግዳ በቅባትና በጥላሸት ይጠቍራል። ባለቤቱም ገና ምሳ ሳይበላበት በፊት ደመወዙን ለአበዳሪ ይቈርጣል።

በእኔ አስተያየት ይህ አሠራር የተገለበጠ ነው። ሴራሚክ ጌጥ ከመሆኑ በፊት የውሀ መከላከያ ነው። ሸክላው በእሳት ተጠብሶ ፊቱ እንደ መስተዋት የተለበጠው ውሀና ቅባት እንዳይሰርጉበት ነው። እንግዲያስ ገንዘብ ያነሰው ሰው አስቀድሞ ውሀ በሚደርስበት ቦታ ቢለጥፈው፤ ጌጡና ጥቅሙ በአንድነት ይገኛሉ።

ይህንን ከእኛ በፊት ያስተዋሉ ሕዝቦች አሉ። በ17ኛው መቶ ዓመት የሆላንድ ሰዎች፤ ንግዳቸው ሰፍቶ ሀብታቸው በዝቶ ሳለ እንኳ፤ በብዙ ቤቶቻቸው የግድግዳውን ግርጌ ብቻ አንድ ረድፍ ሸክላ ያዞሩበት ነበር። ወለል በሚታጠብበት ጊዜ መወልወያው በኖራ የተቀባውን ግድግዳ እንዳያበላሸው ነው። ሠዓሊው ዮሐንስ ቬርሜር ወተት ስትቀዳ በሣላት የቤት ሠራተኛ ሥዕል ላይ ይኸው ረድፍ ከግድግዳው ሥር ይታያል፤ ሥዕሉም በአምስተርዳም በራይክስ ሙዚየም ይገኛል። ሊዝቦንም እ.ኤ.አ. በ1755 በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰች ጊዜ፤ ከተማይቱን እንደገና ለመሥራት ብዙና ርካሽ ሸክላ ስላስፈለገ፤ ሥዕሉ ቀላልና ተደጋጋሚ የሆነ ዓይነት ተስፋፋ። ችግር ያስፋፋው ያ ሸክላ ዛሬ በራሱ ስም የሚታወቅ ጌጥ ሆኗል።

ወደ ቤታችን እንመለስና ሒሳቡን እንየው። ከላቫንዲኖውና ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ 2 ሜትር ርዝመት፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው 1.2 ካሬ ሜትር ነው። ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሴራሚክ 30 ፍሬ ይበቃዋል፤ ለሚሰበረው ሦስት ቢጨመር 33 ነው። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ የእንግዳ ክፍል ግን 20 ካሬ ሜትር ይፈጃል፤ ይኸውም ከ16 እጅ ይበልጣል። ለ33 ፍሬ ማንም ሰው ዕዳ መግባት አያስፈልገውም፤ ደስ የሚለውንም ቀለም ሳይሳቀቅ ሊመርጥ ይችላል።

ታዲያ የእንግዳው ክፍል ባዶውን ይቅር ወይ? የለም። በደንብ የተሠራ ሊሾ ሰም ሲቀባ የሚያምር ወለል ነው፤ አቅም እስኪገኝም ማንንም አያሳፍርም። በአሮጌ የአዲስ አበባ ቤት የሚኖር ደግሞ ፕላስቲኩን ገለጥ አድርጎ ይመልከት። ከሥሩ ማቶኔላ ሊገኝ ይችላልና። ማቶኔላ በእሳት ያልተጠበሰ፤ ባለቀለም ሲሚንቶ በቅርጽ ታትሞ የተሠራ ንጣፍ ነው፤ ሲታጠብና ሲወለወል ነፍስ ይዘራል። ይህን በዶማ አስፈንቅሎ በምትኩ የሚያንሸራትት ነገር የሚያስነጥፍ ሰው አይገባኝም።

ስብርባሪም አይናቅ። በባርሴሎና፤ አንቶኒ ጋውዲ በሠራው በፓርክ ጉዌል፤ ረጅሙ መቀመጫ የተለበጠው በሸክላ ስብርባሪ ነው። ከግንበኛ የተረፈ ቍራጭ ለበረንዳና ለደጃፍ ደረጃ ይሆናል፤ ስለታሙ ጠርዝ ግን በሲሚንቶ መሸፈን አለበት።

መቈጠብ የማይገባው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ነው፤ እዚያ የሚያብረቀርቀው ለግድግዳ የተሠራ ሴራሚክ ከተነጠፈ ሕፃንና ሽማግሌ ይወድቁበታል። ፊቱ ሻካራ የሆነውን መግዛት፤ ወለሉም ወደ ውሀ መውረጃው እንዲያዘነብል ማድረግ የግድ ነው። ሁለተኛው የአንጣፊው እጅ ነው። ውሀ ልክ ሳይዝ የሚመጣ ባለሙያ ርካሽ ቢመስልም አያዋጣም፤ ሥራውን ከመረከብ በፊት እያንዳንዱን ሴራሚክ በሳንቲም ጫፍ መታ መታ ማድረግ ይበጃል። እንደ ባዶ ቅል የሚጮኸው ከሥሩ ሲሚንቶ አልደረሰውም፤ ውሎ አድሮም መነሣቱ ወይም መሰንጠቁ አይቀርም።

ሲገዛም በየካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ቍጥር አንድ መሆኑ ይታይ፤ ቍጥሩ ከተለያየ ቀለሙ በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል፤ ይህም ጎልቶ የሚታየው ከተለጠፈ በኋላ ነው። የተረፉት ሁለትና ሦስት ፍሬዎች ከነካርቶናቸው ከአልጋ ሥር ይቀመጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ የቧንቧ ሠራተኛ ግድግዳውን ሲሰብር ያንኑ ቀለም ከገበያ ማግኘት ዘበት ነው።