ባለሟልን የሚጥለው ማን ነው?

የንጉሥ ባለሟል ሲወድቅ «ትዕቢቱ ጣለው» ብሎ መስበክ ቀላል ነው። እንዲህ የሚሉት ግን ብሕት ወደድ ከሚለው ስም ሰሙን ይዘው ወርቁን ሳያወጡ የቀሩ ናቸው። ብሕት ማለት ብቻ ነው፤ ወደድም የተወደደ ነው። እንግዲህ ሹመቱ የተተከለው በሕግ ላይ ሳይሆን በአንድ ሰው ልብ ላይ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ይህን ማዕርግ ለሴቶች ልጆቹ ለመድኅን ዘመዳና ለብርሃን ዘመዳ መስጠቱ፥ ከባዕድ ፍቅር ይልቅ የአብራኩን ክፋይ ቢያምን ይመስላል።

በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ፥ ወደ ንጉሥ የተጠራ መኰንን ሞገስ እስኪያገኝ ድረስ ከወገቡ በላይ ተራቍቶ፥ የበግ ለምድ ብቻ ደርቦ ይቈይ እንደ ነበር ጽፏል። አገር የሚገዛ ሰው፥ በበግ ለምድ! ይህ ከየትኛው ትዕቢቱ መጣ?

በእንግሊዝም እንዲሁ ነበር። ዳግማዊ ኤድዋርድ ባለሟሉን ጌቭስተንን በኮርንዋል ላይ ሾመው፤ በ1308 ለጋብቻ ወደ ፈረንሳይ ሲሻገርም መንግሥቱን በእጁ ትቶለት ሄደ። ጌቭስተን በመሳፍንቱ ላይ ቅጽል ስም እያወጣ ያፌዝ ነበርና ንጹሕ አይባልም፤ በ1312 ገደሉት። ንጉሡ ግን ምን ተማረ? ሂው ዴስፔንሰር የሚባል ሌላ ባለሟል አነሣ፤ በ1327 ራሱ ዙፋኑን አጣ። ይህንስ በማን ትዕቢት ያመኻኙታል?