ጀልባ የሚታሰርበት ገመድ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ ከምን እንደ ተፈተለ አስቀድሞ መጠየቅ ከአስተዋይ ሰው የሚጠበቅ ነው። ይህን ያሳሰበኝ በሰበታ ገበያ ያየሁት ነገር ነው።

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ ጀልባ ማሰሪያ ገመድ ሊገዛ ቆሟል። ነጋዴው የሱሉልታ ድርቆሽ በመኪና ላይ የሚጠፈርበትን ዓይነት ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ አወጣለት። ወጣቱም በሁለት እጁ ጎተት አድርጎ፥ «ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው» ብሎ ገዛ። ልነግረው ስጠጋ ሄዷል።

በሰበታ ስለ ጀልባ መነገሩ እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ። ብሔራዊው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው፤ በቡራዩ በኩልም የገፈርሳ ግድብ ውኃ አለ። ከእነዚህ ከተሞች ወጥቶ በሐይቅ ዳር የሚመደብ ወጣትም አይጠፋም።

ወጣቱ የሳተው እዚህ ላይ ነው። የድርቆሽ ገመድ ሸክሙን እንዳይነቃነቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ጀልባ ግን በነፋስና በማዕበል ይነሣል፥ ይወርዳል፥ ይጎትታል። ብዙ የማይለጠጥ ገመድ ጉተታውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለካስማው ስለሚያቀብል ወይ ካስማው ይነቀላል፥ ወይ ገመዱ ይበጠሳል። እውነተኛው ናይለን ግን ተለጥጦ ጉተታውን ያበርድና ወደ ቦታው ይመለሳል። ፕላስቲኩ በዚህ ላይ ፀሐይ ቶሎ ያደክመዋል። ገበያ ላይ ሁለቱም «ናይለን» ስለሚባሉ ቁራጩን ውኃ ውስጥ ጥላችሁ ፈትኑ፤ ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል፥ ናይለኑ ይሰጥማል።

የጣና ባለ ታንኳ ይህ ጭንቀት ብዙም አልነበረበትም። የደንገል ታንኳው ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቀዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባ ዓሣ ማጥመድ ሲጀመር ግን፥ ሌሊቱን ውኃ ላይ የሚያድር ንብረት መጣ።

6 ሜትር ለሚረዝም ጀልባ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ይበቃል። ከዚያ እጅግ ከወፈረ አይለጠጥምና ጥቅሙ ይቀራል። የፊቱና የኋላው ማሰሪያ እያንዳንዳቸው የጀልባውን ርዝመት ሁለት ሦስተኛ፥ ማለትም 4 ሜትር ያህል ይሁኑ። ጀልባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በሰያፍ የሚታሰሩት ሁለቱ ደግሞ 6 ሜትር ይርዘሙ። ገመዱ ከድንጋይ ጋር በሚፋተግበት ቦታ ቆዳ ወይም አሮጌ የላስቲክ ቱቦ ይልበስ። የጣና ውኃ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚለያይ፥ ማሰሪያው በየጊዜው እየታየ ይላላ ወይም ይጥበቅ።

እንግዲህ እናንት የግዢ መጠየቂያ የምትጽፉ ወጣቶች፥ በወረቀቱ ላይ «ገመድ፥ 20 ሜትር» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እንዲህ ከተጻፈ የሚመጣው ከሁሉ የረከሰው ነው፤ ያመጣውም ሰው አይወቀስም። ዓይነቱን፥ ውፍረቱንና የእያንዳንዱን ርዝመት ጻፉ። ለጀልባው ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ለገመዱ ጥቂት ብር ቢሰሰት፥ ነፋስ በሚነሣበት ሌሊት የሚጠፋው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ጀልባው የዓሣ አጥማጅ ከሆነ ደግሞ የቤተ ሰቡ እንጀራ አብሮ ይሄዳል።