ካሜራዋ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጥ!

ኳሷ እግሩ ሳትገባ ስለ ደስታ አገላለጹ የሚያስብ አጥቂ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግብ ጠባቂው ወድቋል፣ መረቡ ባዶ ነው፤ እሱ ግን ልቡ ወደ ካሜራዎቹ ሸፍቶ ኳሷን ወደ ሰማይ ይሰዳታል። ደጋፊው ጭንቅላቱን ይይዛል፣ አሰልጣኙ የውኃ ጠርሙስ ይረግጣል። ቢበዛ ግን የሚጠፋው 3 ነጥብ ነው። በሳምንቱ ሌላ ጨዋታ አለ።

በባሕር ጠለቃ ስፖርት ውስጥ ግን "በሳምንቱ ሌላ ጨዋታ" ላይኖር ይችላል። ከግብፆቹ የቀይ ባሕር ከተሞች ከሻርም ኤል ሼክና ከሁርጋዳ በጀልባ ከሚወጡት ጠላቂ ዋናተኞች መካከል፣ ኮርሳቸውን በጨረሱ ማግስት ትንሽዬ ዲጂታል ካሜራ አንጠልጥለው የሚወርዱ አሉ። ነገሩ ለዓይን ደስ ይላል። ግን የስፖርቱን ቅደም ተከተል የገለበጠ ነው። ጀማሪ ጠላቂ ካሜራ ይዞ መውረድ የለበትም። አራት ነጥብ።

ካሜራዋን የማያውቃት የለም። በአንድ ወቅት በየሰርጉና በየክርስትናው ከኪስ እየወጣች "ፈገግ በሉ" ታሰኝ የነበረችው ኮምፓክት ናት። የብስ ላይ ስማርት ስልኩ ቋሚ ተሰላፊነቷን ነጥቋታል። ውኃ ውስጥ ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ ከሜዳ አልወጣችም። ሃውዚንግ በሚባል፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ በተሠራና ውኃ በማያስገባ ቤት ውስጥ ትቆለፋለች፤ ቁልፎቿም ከውጭ እየተጫኑ ይታዘዛሉ። ካነን ለፓወርሾት ካሜራዎቹ ሲሠራቸው ከነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ እስከ 40 ሜትር ጥልቀት የሚችሉ ናቸው። ይሄ ለመዝናኛ ጠላቂዎች ከተቀመጠው የመጨረሻ ወሰን ጋር እኩል ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ የወሰደ ሰው የሚመከረው ግን ከ18 ሜትር እንዳያልፍ ነው። ቤቱ 40 ሜትር ቻለ ማለት ባለቤቱ ቻለ ማለት አይደለም።

ድሮ ነገሩ ራሱን በራሱ ይገድብ ነበር። ከፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ የካሊፕሶ ካሜራ የተወለደው ኒኮኖስ እ.ኤ.አ. በ1963 በኒኮን ስም ሲወጣ፣ በአንድ ጥቅል ፊልም የሚነሳው 36 ፎቶ ነበር። ባሕር ውስጥ ቤቱን ከፍቶ ፊልም መቀየር የለም፤ 36ቱ ካለቀ አለቀ። ስለዚህ ጠላቂው እያንዳንዷን ፎቶ እንደ ፍጹም ቅጣት ምት አስቦባት ነበር የሚመታት። ዛሬ አንድ ሚሞሪ ካርድ ብዙ መቶ ፎቶ ይይዛል። ድሮ ቀድሞ የሚያልቀው ፊልሙ ነበር። አሁን ቀድሞ የሚያልቀው አየሩ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ ወደ 2,400 ሊትር አየር ይኖረዋል። ላይ ሆኖ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስን ሰው 2 ሰዓት ያቆየዋል። 30 ሜትር ሲወርድ ግን ግፊቱ 4 እጥፍ ስለሚሆን ያው ሰው በደቂቃ 80 ሊትር ይጨርሳል። 2 ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ ያውም ለመውጫ መቀመጥ ያለበት መጠባበቂያ ሳይቀነስ!

30 ሜትር ላይ ደግሞ ቲስልጎርም አለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ የሰጠመች የእንግሊዝ መርከብ ናት። ሆዷ ውስጥ የጦር መኪናዎችና ሞተር ብስክሌቶች እስከ ዛሬ እንደተደረደሩ ናቸው። ለፎቶ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ጀማሪው ሞተሩን ከፊት ያነሳል፣ ከጎን ያነሳል፣ ፎቶው ስለደበዘዘበት ይደግማል። ዓይኑ ከካሜራዋ ስክሪን አይነቀልም። የአየሩን ጌጅ አላየም። አብሮት የወረደው ጓደኛው የት እንዳለ አያውቅም። ቀና ሲል ጌጁ ቀይ ላይ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥ ሲል ትንፋሹን ይይዛል። በዚህ ስፖርት ቁጥር አንድ ሕግ ደግሞ ትንፋሽን አለመያዝ ነው። ከ10 ሜትር ወደ ላይ የወጣ አየር መጠኑ እጥፍ ይሆናል፤ ትንፋሹን እንደያዘ ሳያውቀው ወደ ላይ የተንሳፈፈ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ለአንዲት ዓሣ ፎቶ!

ካሜራ ወዳዶቹ ክርክር አያጡም። "ሰው ያየውን ማስረጃ ይዞ አይመለስ ወይ? ካሜራ የያዘ እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚያየው" ይላሉ። እውነት አላቸው። ጥሩ ጠላቂ ሲይዛት ካሜራዋ ማንም ልብ ያላላትን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ታሳየዋለች። ኮምፓክት ደግሞ ለቅርብ ፎቶ ጎበዝ ናት፤ ትንሽ ስለሆነችም እጅ አትይዝም። ጥያቄው ግን "ትያዝ ወይስ አትያዝ" አይደለም። "መቼ ትያዝ" ነው።

ደግሞስ ጀማሪው ያን ሁሉ ከፍሎ ምን ዓይነት ፎቶ ይዞ ይመለሳል? ውኃ ከቀለማት ሁሉ ቀድሞ ቀዩን ይውጠዋል። ጥቂት ሜትር እንደተወረደ ቀይ ዓሣ ግራጫ ይመስላል። ፍላሽ ይበራ ቢባል፣ ከርቀት ሲበራ ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ብናኝ ሁሉ ያበራና ፎቶው በረዶ የወረደበት ይመስላል፤ በጭጋግ ረጅም መብራት እንዳበራ ሹፌር ማለት ነው። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ መቅረብ። ከአንድ ክንድ ያልበለጠ ርቀት ድረስ መቅረብ።

እዚያ ድረስ ኮራሉን ሳይነኩ ለመቅረብ ደግሞ ሳይወርዱ፣ ሳይወጡ፣ ባሉበት ረግቶ መቆምን ይጠይቃል። ይህን ያልቻለ ሰው አንድ እጁን ኮራሉ ላይ ይደገፋል፣ በእግር መቅዘፊያው ከኋላው ያለውን ይሰብራል። በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማያድግ ኮራል አለ። በአንድ ርግጫ የተሰበረውን ለመተካት የአንድ ሰው ዕድሜ ላይበቃ ይችላል። እንግዲህ ጥሩ ፎቶም የሚመጣው ከጥሩ ጠላቂ ነው እንጂ ከውድ ካሜራ አይደለም። ጥሩ ጫማ ማንን ጥሩ ተጫዋች አደረገ?

መፍትሔው ከራሱ ከሃውዚንጉ ጋር የመጣ ነው። አዲስ ቤት መጀመሪያ የሚወርደው ባዶውን ነው። በሩ ላይ የተገጠመው ኦሪንግ የሚባለው ቀጭን ክብ ጎማ ላይ አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካለች ውኃ ይገባል፤ ካሜራዋም አበቃላት። ስለዚህ ጎማው ይጸዳል፣ ውስጡ ሶፍት ይደረጋል፣ ተቆልፎ ይወረዳል። ሶፍቱ ደርቆ ከተመለሰ ቤቱ ፈተናውን አልፏል።

ታዲያ ይኸው ፈተና ለባለቤቱም ይሁን። ባዶውን ቤት ይዞ ይውረድ፣ ይመለስ፣ ደግሞ ይውረድ። በእጁ የሆነ ነገር እንደያዘ ጌጁን ማየት፣ ጓደኛውን አለመጣል፣ ሳይቋረጥ መተንፈስና አሸዋ ሳያስነሳ ረግቶ መቆም ሲችል፣ ያኔ ካሜራዋ ትግባ። አንድ ጠለቃ አይበቃም፤ አስርም ላይበቃ ይችላል። አሰልጣኙም "ደንበኛዬ ይቀየመኛል" ብሎ ዝም ማለት የለበትም። ያልበሰለ ልጅ ደጋፊው ስለጮኸ ብቻ የሚያስገባ አሰልጣኝ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ዓሣው የትም አይሄድም። ቲስልጎርምም ከ80 ዓመት በላይ እዚያው ተኝታለች። የሚቸኩል ቢኖር ሰውየው ነው። ካሜራዋ ለጊዜው ጀልባው ላይ ፎጣ ተጠቅልላ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጥ። መጀመሪያ ጠላቂው ጨዋታውን ይልመድ፤ ተቀያሪዋ ተራዋ ሲደርስ ትገባለች።