የወጣቶች ድብርትና የአሳብ ልማድ

የሰው ሥጋ ሲታመም ሕመሙ በዓይን ይታያል፤ አሳቡ ሲታመም ግን ከቤተ ሰቡም ከመምህሩም ተሰውሮ ይኖራል። ይልቁንም የታመመው ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንደ ሆነ ሰነፍ ወይም ኩሩ ተብሎ ይነቀፋል እንጂ ታሟል የሚለው ጥቂት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው፥ ዕድሜአቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆነው ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት፤ ከነዚህም ሕመሞች ከዋነኞቹ አንዱ ድብርት ነው።

ድብርት ማለት ማዘን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ሐኪሞች ከኀዘን ጋራ አስተካክለው የሚመለከቱት ሌላ ምልክት አለ፤ ይኸውም ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ነው። በደብረ ታቦርና በገሳይ ደጋ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ጨፍረው ሙልሙል ይቀበላሉ። ድብርት የያዘው ልጅ ግን ጅራፉን እንደ ያዘ ዝም ብሎ ይቆማል። ጓደኞቹ ሲጎትቱት ጥቂት ይሥቃል፤ ወዲያው «ይህ ደስታ የሚቆይ አይደለም፤ ለእኔም አይገባኝም» ብሎ በልቡ ያስባል፤ ሣቁም በዚያው ይቀራል።

ይህ የአሳብ ልማድ በአማርኛ ደስታን ማዳፈን ሊባል ይችላል። በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፌልድማን፥ ዮርማንና ጆንሰን የተባሉ ሊቃውንት ሰው ደስ ሲለው በልቡ የሚያስበውን የሚመረምር መጠይቅ አሳተሙ። በዚህም አንዱ ሰው ደስታውን ሲያዳፍን ሌላው መላልሶ እያሰበ እንደሚያቆየው ለዩ። ከዚያም ወዲህ በወጣቶች ላይ የተደረገው ምርመራ ደስታን ማዳፈንና ድብርት አብረው እንደሚገኙ አሳይቷል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ግን ሁልጊዜ አይለይም።

ለዚህ አሳብ ምክንያት የሚሆነው ነገር በአገሩ ሞልቷል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.2 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ልጅ «ፈተና ወደቅሁ» ቢል እውነት ነው፤ «እኔ የወደቅሁ ሰው ነኝ» ማለት ሲጀምር ግን በሽታው ሥር ሰደደ። ችግሩ የእውነት ሲሆን ልጁን በአሳቡ ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፤ ትምህርት ቤቱን መክፈትና ለልጆች መጫወቻ ስፍራ ማዘጋጀት የሹማምንት ዕዳ ነው።

የካህናትና የመምህራን ፋንታ ደግሞ ሌላ ነው። «ዛሬ ብዙ የሣቀ ነገ ያለቅሳል» የሚለው ልማደኛ ተግሣጽ ጤነኛውን ልጅ ቢያስታግሥ፥ የታመመውን ግን በራሱ ላይ የሚፈርደውን ፍርድ ያጸናበታል። ደቀ መዝሙሩ በታቦር ተራራ ያየው ደስታ እንዲቆይለት ሦስት ዳስ ሊሠራ መውደዱን የማያውቅ ካህን የለም። ደስታው እንዲቆይ መመኘቱ የሰው ባሕርይ ነው፤ ከተራራው መውረዱም ያየውን ከንቱ አላደረገበትም። መምህርም ተማሪው ዜማውን አስተካክሎ ባዜመ ቀን ጕድለቱን ከመቍጠር በፊት መልካሙን ይንገረው፤ ምን እንደ ተሰማውም ይጠይቀው። ልጁ ደስታውን በአፉ ሲናገር በልቡ ይቆይለታል።

ዳሩ ግን የታመመን ልጅ «ደስ ይበልህ» ብሎ ማዘዝ እግሩ የተሰበረውን ሩጥ እንደ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደስታ የራቀ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ሞትን የሚያነሣውማ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ብቻውን አይተውም። ጠበል የሚያጠምቀው ካህንም መድኃኒቱን አቋርጥ እንዳይለው ይጠንቀቅ፤ ጠበሉና ሕክምናው አይጣሉምና።

የተዳፈነ እሳት ከአመዱ በታች ፍም እንዳለው እናቶች ያውቃሉ፤ ማለዳ አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ያቀርቡለታል። የእነዚህም ልጆች ደስታ የተዳፈነ እንጂ የጠፋ አይደለምና፥ አባትም፥ መምህርም፥ ሹምም በየፋንታው አመዱን ሊገልጥ ይገባዋል።