ስለ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ፦ «ጀግናችን» ከማለታችን በፊት «የት ናቸው?» እንበል

ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው፣ ከፊቴ ያለው ታክሲ ብዙ ስለሆነ ጊዜ አለኝ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ፎቶ እንደገና በየገጹ እየዞረ ነው። ከሥሩ «የማይረሳ ጀግና» ይላል፣ ባንዲራው ተደርድሯል፣ ላይኩ እንደ ጉድ ነው። አስተያየቱን እስከ ታች ወርጄ አነበብኩት። «የት ናቸው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አጣሁ።

ለወጣቶቹ ባጭሩ ልንገር። ኮሎኔሉ ሙያቸው ተዋጊ አውሮፕላን ማብረር የነበረ የአየር ኃይል ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን በሻዕቢያ እጅ ወድቀው ዓመታት ታስረዋል። ሲፈቱ ሌላ ሰው ቢሆን «ይበቃኛል» ይል ነበር፤ እሳቸው ተመልሰው በረሩ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ጁን 1998፣ አስመራ ላይ ሚጋቸው ተመታና በሕይወት ተያዙ። ይኼ የቡና ላይ ወሬ አይደለም፤ ሲያዙ የዓለም ዜና ዘግቦታል። ከዚያ በኋላ ዝም።

እኔ ደብረ ዘይት ነው ያደግኩት። እዚያ ያደገ የአብራሪ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል። የጎረቤቶቻችን ሚስቶች ቡና እያፈሉም ጆሯቸው ሰማይ ላይ ነበር፤ ስንት ተነሣ፣ ስንት ተመለሰ ብለው ይቆጥራሉ። እኛ ጀግና የምንለው ሰው ለቤቱ ባል ነው፣ አባት ነው። ጀግናን በዓመት አንድ ቀን ማሰብ ይቻላል። አባት ግን በየቀኑ ይጠበቃል። መርዶ ያልደረሰው ቤት ለቅሶ አይቀመጥም፣ ድንኳን አይጥልም፣ ተዝካር አያወጣም። አለ ብሎም ደስ አይለው። እንዲህ ሆኖ ከ25 ዓመት በላይ መኖር ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት።

«ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ» ለሚሉኝ፦ ጦርነትም ሕግ አለው። 3ኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 118 ውጊያው ሲቆም ምርኮኛ ሳይዘገይ ይለቀቅ ይላል። ከሞተም የሞቱ ማስረጃ ይላክ፣ መቃብሩ ይታወቅ ይላል፤ አንቀጽ 120 ነው። ኤርትራ ይህን ስምምነት በኦገስት 2000 ተቀብላለች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነትም ሁለቱም ወገኖች ምርኮኞችን ሳይዘገዩ እንዲለቁ ያስገድዳል። በ2002 ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል ወደየአገራቸው ተመለሱ። ኮሎኔሉ ከመካከላቸው አልነበሩም።

«አስመራን የደበደበ አብራሪ ነው» የሚል ኤርትራዊ ወንድም አለኝ፣ እዚሁ አብረን ተራ እንጠብቃለን። ቅሬታውን አልንቅበትም፤ ቦምብ ከላይ ሲወርድ ከሥር ሰው አለ። ግን ሕጉ ምርኮኛውን ምን ስትሠራ ተያዝክ ብሎ አይለይም። ጥፋት አለበት የሚል መንግሥት ካለ በአደባባይ ይክሰስ እንጂ ሰውን አያጥፋ። በሌላ በኩል ደግሞ ልጇ የት እንደገባ የማታውቅ ኤርትራዊት እናትም አለች። ለእሷም መልስ ይገባታል።

የኛም መንግሥት ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ጁላይ 2018 አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ሲፈረም፣ ከ20 ዓመት በኋላ አየር መንገዳችን አስመራ ሲያርፍ፣ ሁላችንም አልቅሰናል። መተቃቀፉ ደስ ይላል። ታዲያ የዚያን ቀን ስለ አንድ ኮሎኔል መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር? ተጠይቆ ከሆነ መልሱ ለሕዝብ ሲነገር አልሰማሁም። አሁን ግንኙነቱ ሲሻክር ደግሞ ስማቸው ለፉከራ ይመዘዛል። ሰላም ሲሆን የረሳነውን ሰው ጠብ ሲመጣ ማስታወስ ክብር አይደለም፣ መጠቀሚያ ማድረግ ነው።

ኢንጂነር ሳለሁ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ማሽን ሲበላሽ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምክንያቱ ይጻፋል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ፋይል አይዘጋም። አሁን ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ደንበኛ ስልክ ቢረሳ እንኳ በየትኛው ሰዓት፣ ከየት ወዴት ብለው መዝግበው እስኪገኝ ይነዘንዙኛል። ለስልክ ፋይል ይከፈታል፣ ለኮሎኔል ላይክ።

በዚህ ላይ ዩቲዩበሮቹ አሉ። «በዛብህ ተገኙ!» የሚል ርዕስ ይለጥፋሉ፣ ውስጡ ባዶ ነው። እናንተ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ ትረሱታላችሁ። ቤተሰባቸው ግን በእያንዳንዱ ርዕስ ልቡ ተሰቅሎ ይወርዳል። ይህ በሰው ቁስል መነገድ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማስረጃ የሌለውን «ተገኙ» አትጫኑ፣ አታጋሩ። ሁለተኛ፣ ባለሥልጣን ዲያስፖራ ሊያነጋግር ሲመጣ ስለ ኮንዶሚኒየም ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ቪዛ አያስከለክልም። ሦስተኛ፣ ፎቶውን ስትለጥፉ ከ«ጀግናችን» ቀጥሎ «የት ናቸው?» ብላችሁ ጻፉ።

በሕይወት ካሉ ይፈቱ። ካረፉም መርዶው ይነገር፣ አጽማቸው ለአገራቸው አፈር ይብቃ። ይህን መጠየቅ ጦር መስበቅ አይደለም።

ተራዬ ደርሷል። የማትስማሙ ጻፉልኝ፣ ማታ አነባለሁ።