ከታንከሩ ይልቅ ውኃውን መከተል

ከነዳጅ ማደያ ወለል ስር የተቀበረ የብረት ታንከር ዝጎ ሲያፈስ፣ ፍሳሹ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቀጥል ይችላል። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ታንከሩ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በመጠየቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለብቻው አይበቃም። ሰው የሚጠጣው የከርሰ ምድሩን ውኃ ነውና፣ ምርመራውን መምራት ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከነዳጁ ውስጥ ከውኃ ጋር የሚጓዘው የትኛው ነው? ወዴትስ ይሄዳል? በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሳንታ ሞኒካ ይህ ጥያቄ ዘግይቶ በመነሳቱ ከባድ ዋጋ ከፍላለች።

የአሜሪካ ኮንግረስ ስለተቀበሩ ታንከሮች ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ዝርዝር ደንቡ በ1988 ተከተለ። ደንቡ ከፈቀዳቸው መቆጣጠሪያዎች አንዱ የሂሳብ ማመሳከር ነው። በታንከሩ የቀረው ነዳጅ በየቀኑ በዘንግ ይለካና ቦቴ ካራገፈውና ከተሸጠው ጋር ይነጻጸራል። የወሩ ልዩነት ከሽያጩ 1 በመቶ ላይ 130 ጋሎን (492 ሊትር ገደማ) ተጨምሮ ከሚገኘው መጠን ካላለፈ እንደ ፍሳሽ አይቆጠርም። በወር 100,000 ሊትር የሚሸጥ ማደያ 1,490 ሊትር ቢጎድልበት እንኳ መዝገቡ ጤነኛ ይመስላል ማለት ነው። የታንከር ጥብቀት ፍተሻ የተሻለ ቢሆንም፣ የሚጠበቅበት በሰዓት 0.1 ጋሎን የሚያህል ፍሳሽ መለየት ነው። ይህም በዓመት ከ3,300 ሊትር ይበልጣል፤ ከዚያ በታች ያለው ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ፍተሻውን ማለፍ አፈሩ ንጹህ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

የሾለከው ቤንዚን በአሸዋና በጠጠር ውስጥ ቶሎ ይወርዳል፤ ሸክላ አፈር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሰራጫል። የተወሰነው በአፈሩ ቀዳዳዎች ተይዞ ይቀራል፣ የተወሰነው ይተናል። ወደ ውኃው ወለል የደረሰው ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ወለሉ በክረምትና በበጋ ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ እየወጣና እየወረደ ሰፊ የአፈር ንብርብር ይለቀልቃል። ስለዚህ ከታንከሩ ግርጌ ብቻ የተወሰደ አፈር ስለ ጉዳቱ ስፋት የሚናገረው ጥቂት ነው።

የውኃውን አቅጣጫ ለማወቅ በአንድ መስመር ያልተደረደሩ ቢያንስ ሦስት የመከታተያ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። በየጉድጓዱ የውኃው ከፍታ ይለካና ፍሰቱ ወደየት እንዳዘነበለ ይሰላል። በአቅራቢያው ብርቱ ፓምፕ ካለ ግን ውኃውን ወደ ራሱ ስለሚስብ ተፈጥሯዊው አቅጣጫ ይቀየራል። የናሙና አወሳሰዱም ጥንቃቄ ይሻል። 40 ሚሊ ሊትር የምትይዘው የብርጭቆ ጠርሙስ ውኃው ከአፏ በላይ እስኪያብጥ ትሞላለች፣ ትከደናለች፣ ከዚያ ተገልብጣ በጣት ትመታለች። የአየር አረፋ ከታየ ናሙናው ይጣላል፤ ብክለቱ ወደ አረፋው ተንኖ ውጤቱን ያሳንሰዋልና። ያለፈችው ጠርሙስ በበረዶ ተከባ ወደ ላቦራቶሪ ትሄዳለች።

ላቦራቶሪው ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ዋናው ተፈላጊ በቤንዚን ውስጥ የሚገኘው ካንሰር አምጪ ውህድ፣ ቤንዝን፣ ነበር። በ1995 በካሊፎርኒያ የወጣ የሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ጥናት አብዛኞቹ የቤንዝን ብክለቶች ከምንጫቸው ከ80 ሜትር ብዙም እንደማይርቁ አሳየ፤ ምክንያቱም የአፈር ባክቴሪያ ይበላቸዋል። ግኝቱ ለቤንዝን ትክክል ነበር። ችግሩ ማደያዎቹ ኤምቲቢኢ የተባለ ሌላ ውህድም መሸጣቸው ነበር። ይህ ውህድ ከ1979 ጀምሮ በእርሳስ ምትክ፣ በኋላም የመኪና ጭስን ለመቀነስ በብዛት ሲጨመር ቆይቷል። በውኃ የመሟሟት አቅሙ ከቤንዝን ከ25 እጥፍ በላይ ነው። አፈር አይዘውም፣ ባክቴሪያም በቀላሉ አይበላውም፤ በጥቂት መጠን እንኳ የውኃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻል።

ሳንታ ሞኒካ ኤምቲቢኢን በቻርኖክ የውኃ ጉድጓዶቿ ያገኘችው በ1995 ነው። በቀጣዩ ዓመት መጠኑ በአንዳንዶቹ በሊትር 610 ማይክሮግራም ደረሰ። ካሊፎርኒያ በኋላ የደነገገችው የጤና ገደብ 13 ማይክሮግራም ነው። ጉድጓዶቹ በ1996 ተዘጉ፤ ከተማዋም ግማሽ ያህል የውኃ አቅርቦቷን አጥታ ከሩቅ የሚመጣ ውኃ መግዛት ጀመረች። በአካባቢው በርካታ ማደያዎችና የነዳጅ ቧንቧዎች ስለነበሩ የማን ፍሳሽ የትኛውን ጉድጓድ እንደበከለ መለየት ዓመታት ፈጀ። ረጅም ሙግት ተከተለ፤ ውኃው በከሰል ማጣሪያ እየጸዳ ወደ ነዋሪው የተመለሰውም ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መርማሪዎች ቀድመው ስለ ኤምቲቢኢ ቢጠይቁ ኖሮ፣ ብክለቱ የመጠጥ ጉድጓዶቹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚታይበት ዕድል ሰፊ ነበር።

ካሊፎርኒያ ውህዱን ከከለከለች በኋላ ቦታውን ኢታኖል ያዘ። ኢትዮጵያም የፊንጫ ስኳር ፋብሪካን ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ማደባለቅ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኢታኖል ራሱ ቶሎ ይበሰብሳል። ነገር ግን ባክቴሪያው አስቀድሞ እሱን እየበላ በውኃው ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው፣ ቤንዝኑ ሳይነካ ይቆይና ከወትሮው ርቆ ይሄዳል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ነዳጅ በሚሸጥበት ማደያ የ80 ሜትሩ ልማድ እንደ ገደብ ሊወሰድ አይገባም፤ የመጨረሻዎቹ የመከታተያ ጉድጓዶች ከዚያ አልፈው፣ ውኃው በሚሄድበት አቅጣጫ መቆፈር አለባቸው።